ትራማዶል ለማቆም የቱ መንገድ ይሻላል? በአንዴ መቁረጥ፣ ቀስ እያሉ መቀነስ፣ ተተኪ መድኃኒት ወይስ ጸበልና ዱዓ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው ደሴ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሰራና "ልጄ ክኒን ለምዶብኝ ምን ላድርገው" የሚሉኝ እናቶች ስለበዙ ነው። ክኒኑ ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ ህመም ማስታገሻ ነው። ሹፌሩ የጅቡቲ መንገድ ድካም ብሎ ይጀምረዋል፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የማታ ሺፍት የሚገባው ለወገቤ ይላል፣ ተማሪው ከበርጫ ጋር ይወስደዋል፣ ሌላው ደግሞ ኦፕራሲዮን ተደርጎ በትክክል ታዞለት ሳያውቀው ገብቶበት የቀረ ነው። ሁሉም ለመተው ሲነሳ ደሞ አንዱ "ወንድ ከሆንክ በአንዴ ቁረጠው" ይለዋል፣ አንዱ "ጸበል ግባ"፣ አንዱ "ቀስ እያልክ ቀንስ"፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ደሞ ሜታዶን ስለሚባል ተተኪ መድኃኒት ምናምን የሰማውን ይነግረዋል፣ እና ልጁ መሀል ላይ ግራ ይገባዋል።

እኔ የማምንበት ይሄ ነው፣ መንገዱን ስትመርጡ የመጀመሪያዋን ሳምንት ብቻ አትዩ፣ ከዛ በኋላ ያሉትን ወራት እዩ። ሰው በብዛት ተመልሶ የሚገባውም፣ በኦቨርዶዝ (ከመጠን በላይ በመውሰድ) የመሞት አደጋው ከፍ የሚለውም ሀራራው አልፎለት "ዳነ" ከተባለ በኋላ ነው። ለምን እንደዛ እንደሚሆን ለመረዳት ሰውነት ውስጥ ምን እንደተቀየረ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ስለዚ ከሱ ልጀምር።

ሰውነት ውስጥ ምን ተቀየረ

ሰውነታችን ራሱ ህመም ማስታገሻ ይሰራል፣ ኢንዶርፊን ይባላል። ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ሞርፊን፣ ፔቲዲን (በአንድ ላይ ኦፒዮይድ ይባላሉ) ሁሉም የሚሰሩት ኢንዶርፊን የሚቀመጥበት ሪሴፕተር (የነርቭ መቀበያ) ላይ ተቀምጠው ነው። በየቀኑ ከውጪ ሲመጣለት ሪሴፕተሩ ምላሹ እየደከመ ይሄዳል፣ በአንድ ካፕሱል ይረካ የነበረ ሰው አራት አምስት ይፈልጋል። መድኃኒቱ ኖርአድሬናሊን የሚባለውን የንቃት ኬሚካልም ያፍነዋል፣ አንጎል ደሞ ያንን ለማካካስ ምርቱን ከፍ አድርጎ ይቆያል፣ ክኒኑ ድንገት ሲቀር ያ የታፈነው ሁሉ አንድ ላይ ይለቀቃል። ላቡ፣ ማዛጋቱ፣ የልብ ምቱ፣ ተቅማጡ፣ ፀጉር መቆሙ፣ ቁርጥማቱ ከዛ ነው የሚመጣው። እባካችሁ ይሄን ያዙልኝ፣ ሀራራ ላይ ያለ ልጅ ባለጌ ሆኖ አይደለም የሚንቆራጠጠው፣ ነርቩ ነው።

ከዛ ዶፓሚን አለ። ምግብ ሲጣፍጠን፣ ቡና ሲፈላ፣ ልጅ ሲስቅልን ደስ የሚለን በሱ በኩል ነው። ኦፒዮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ላይ ይሄ መስመር ይደነዝዛል፣ ካቆመም በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዱ ላይ ለወራት፣ ምንም ነገር አይጥመውም። እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ በትንሽ ነገር ይከፋዋል። ቤተሰብ "ክኒኑን ትቶም አልተሻለውም" ይላል፣ እሱ ደሞ "ሳልወስድ እንዲህ ከሆንኩ ለምን አልወስድም" ይላል። ይሄ በጊዜ ይሻላል፣ ግን ጊዜው በወር የሚቆጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በወጣ አንድ ጥናት የወገብ ህመም ያለባቸው 10 ሰዎች ለአንድ ወር ብቻ ሞርፊን በአፍ ወስደው አንጎላቸው በኤምአርአይ ሲታይ ስሜትንና ደስታን የሚያዙት ቦታዎች መጠናቸው ተቀይሮ ነበር፣ መድኃኒቱን ካቆሙ ከወራት በኋላም ለውጡ አልጠፋም። 10 ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፣ ግን በሀኪም ትዕዛዝ የተወሰደ የአንድ ወር መድኃኒት እንደዛ ካደረገ ሁለት ሶስት ዓመት በዘፈቀደ የወሰደው ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

የፊተኛው የአንጎል ክፍል "ቆይ እስኪ አስብበት" የሚለን እንደ መኪና ፍሬን ነው፣ በሱስ ጊዜ እሱም ይላላል። ለዛ ነው ልጁ ጠዋት በእናቱ ፊት ምሎ ማታ የሚወስደው፣ ሲምል ዋሽቶ አይደለም።

ከአንገት በታችም ብዙ አለ። ሰው የማያወራው ሆርሞን ነው። ኦፒዮይድ አንጎል ለዘር ፍሬና ለእንቁላል እጢ የሚልከውን ትዕዛዝ ይቀንሰዋል፣ ወንድ ላይ ቴስቶስትሮን ይወርዳል፣ ፍላጎት ይጠፋል፣ ድካም ይበዛል፣ ሴት ላይ የወር አበባ ይዛባል ወይ ይቀራል፣ ሲቆይ አጥንትም ይሳሳል። ልጅ አልያዝ ብሏቸው ምርመራ እየዞሩ ባልየው ክኒን እንደሚወስድ ለሀኪሙ ሳይነገር የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ እባካችሁ ንገሩ፣ ሲቆም በብዛት የሚመለስ ነገር ነው። የሆድ ድርቀቱ ደግሞ አይለመድም፣ ስካሩ ይለመዳል፣ ህመም ማስታገሱ ይለመዳል፣ አንጀት ግን ዓመት ቢቆይም እንደታሰረ ነው። በጣም የሚገርመው ህመሙ ራሱ ነው፣ መድኃኒቱ ብዙ ሲቆይ ነርቭን ለህመም ይበልጥ ስሱ ሊያደርገው ይችላል፣ ለወገቡ ብሎ የጀመረው ሰው ወገቡ ብሶበት ዶዝ ይጨምራል፣ ዶዙ ሲጨምር ህመሙ ይጨምራል።

ትራማዶል ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለው። የሞርፊን ዘመድ ብቻ ሳይሆን እንደ ድብርት መድኃኒትም ስለሚሰራ ሲቆም ሁለት አይነት ሀራራ ያመጣል፣ ከተለመደው ቁርጥማትና ተቅማጥ ሌላ ከባድ ጭንቀት፣ እጅና እግር መደንዘዝ፣ አንዳንዱ ላይ የሌለ ነገር ማየትና መጠራጠር አለ። ሲወሰድ ደሞ እንደ ሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል፣ በተለይ በቀን ከ400 ሚሊግራም ሲያልፍ፣ ግን ከዛ በታችም ያጋጥማል። ከጫት ጋር ሲሆን አደጋው ይብሳል፣ ለጨብሲ መጠጥ ሲጨመርበት ደሞ ትንፋሽን ያፍናል። አሚትሪፕቲሊን ወይ ፍሉኦክሴቲን የሚባሉትን የድብርት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰውም ሳይጠይቅ መደባለቅ የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ይመለከታል። ትራማዶልና ኮዴይን ወደ ጠንካራው መልካቸው የሚቀየሩት ጉበት ውስጥ ባለ ሲፒዋይ ቱዲሲክስ በሚባል ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደራርቦ ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል፣ ስዊድኖች ላይ ግን ከ100 ሰው አንድ ሁለት ቢሆን ነው። እንደዚ አይነት ሰው መድኃኒቱን ቶሎና በብዛት ወደ ጠንካራው ይቀይረዋል። ስለዚ "ጓደኛዬ ስድስት ወስዶ ምንም አልሆነም" የሚለው መለኪያ አይሰራም፣ ያንተ ጉበት የጓደኛህ ጉበት አይደለም። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለቱንም መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የከለከለው፣ ለምታጠባ እናትም አይመከርም ያለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በአንዴ መቁረጥ

ጥቅሙ ግልጽ ነው፣ ብር አይጠይቅም፣ ማንም አያውቅብህም፣ አጭር ነው። ከመጨረሻው ክኒን በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል፣ ሁለተኛና ሶስተኛው ቀን ላይ ይከፋል፣ አካላዊው ነገር በሳምንት አካባቢ ይበርዳል። ለአስር ቀን ሁለት ሳምንት ታዞለት ልክ በታዘዘው ብቻ የወሰደ ሰው ብዙም ላይቸገር ይችላል፣ ለሱ ሀኪሙን ጠይቆ ማቆም ይበቃል።

ለወራትና ለዓመታት ለወሰደ ሰው ግን እኔ ይሄን መንገድ አልመክርም። ትውከቱና ተቅማጡ ፈሳሽ ያስጨርሳል፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሲሆን ቶሎ ያደክማል፣ ደሴ ደግሞ ብርዱና የሀራራው ብርድ ብርድ ማለት ተደምሮ ልጁ ተጠቅልሎ ውሃ እንኳን ሳይጠጣ ይውላል። ኦ አር ኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) በትንሽ በትንሹ ካልተሰጠው ኩላሊቱን ሊጎዳው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን ከሳምንት በኋላ ያለው ነው። ሰውነት የለመደውን ዶዝ በጥቂት ቀን ይረሳል፣ ዶፓሚኑ ግን ገና አልተመለሰም፣ ፍሬኑም ገና አልጠበቀም፣ ስለዚ ልጁ ተሸንፎ ሲመለስ የሚወስደው የድሮውን ዶዝ ነው፣ ሰውነቱ የድሮው ሰውነት አይደለም፣ ትንፋሹ ይቆማል። ክፍል ውስጥ ቆልፎበት ወይ አስሮት ሀራራውን ያሳለፈ ቤተሰብ ልጁን አድኛለሁ ብሎ ያስባል፣ የሰራው ግን የመጀመሪያዋን ሳምንት ብቻ ነው። ማሰር ደሞ በጭራሽ አይሆንም፣ ልጁ ቢያንቀጠቅጠው ወይ ቢያስመልሰው ታስሮ ይታፈናል።

ቀስ እያሉ መቀነስ

ትራማዶል ብቻ ለሚወስድ፣ ስራውን ለሚሰራ፣ ቤት ውስጥ አንድ የሚያምነው ሰው ላለው፣ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ከዓመት በላይ የወሰደ ሰው ዶዙን በወር 10 በመቶ አካባቢ ወይም ከዛም ቀስ ብሎ፣ ለአጭር ጊዜ የወሰደ ደሞ በሳምንት 10 በመቶ አካባቢ እየቀነሰ ቢሄድ አንጎል ራሱን ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል። ፍጥነቱን የሚወስነው ሀኪሙ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የማያስተውለው ሂሳብ አለ። ባለ 50 ሚሊግራም 8 ካፕሱል በቀን የሚወስድ ሰው አንድ ሲቀንስ 12 በመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው፣ ይቻለዋል። ከ2 ወደ 1 ሲወርድ ግን ያው አንድ ካፕሱል ግማሹን ቆረጠበት ማለት ነው። "ስምንቱን አልፌ አንዷ እንዴት አቃተችኝ" እያለ ራሱን የሚረግመው ለዚ ነው፣ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ይበልጥ መቅጠን አለበት፣ አነስ ያለ መጠን እንዲታዘዝ ሀኪሙን ጠይቁ። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን አይነት ክኒን ግን ራሳችሁ እንዳትሰብሩት ወይ እንዳትፈጩት፣ የቀኑ ዶዝ በአንዴ ይለቀቃል።

ደካማ ጎኑም አለ። ክኒኑን የሚይዘው ራሱ ከሆነ አይሰራም፣ እናት ወይ ሚስት ወይ ታላቅ ወንድም ይያዘው፣ የቀኑን ብቻ ይስጠው፣ ደብተር ላይ ይጻፍ። ከመንገድ ላይ እየተገዛም አይሆንም፣ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ለመግጠሙ ዋስትና የለም፣ የማታውቀውን መጠን ደሞ በመቶኛ መቀነስ አይቻልም። ሶስት ጊዜ ጀምሮ ሶስቴም መሀል ላይ ዶዙን ከፍ አድርጎ ለተመለሰ ሰው፣ ወይም በመርፌ ለሚወስድ ሰው ይሄ መንገድ አይበቃም፣ ወደሚቀጥለው ይሂድ።

ተተኪ መድኃኒት

ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ማለት ነው። "ሱስን በሱስ መተካት" የሚለውን ብዙ ሰው ይለኛል፣ ከልቤ ነው የምመልሰው፣ አይደለም። ሱሰኛውን የሚገድለው ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው፣ ጠዋት ሀራራ፣ ቀን ስካር፣ ማታ ፍለጋ፣ መርፌ መጋራት። ሜታዶን ሰውነት ውስጥ ረጅም ስለሚቆይ በቀን አንዴ ተወስዶ ያንን ያረጋጋዋል፣ ሰውዬው ሳይሰክር ስራውን ይሰራል፣ አንጎሉም ሆርሞኑም ፋታ ያገኛል። ኒውዮርክ ውስጥ ዶክተር ዶልና ዶክተር ኒስዋንደር የመጀመሪያውን ውጤት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም መድኃኒቶች መሰረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባቸው ደሞ በ2005 ነው። ህክምናው ላይ የቆየ ሰው የመሞት ዕድሉ ካልቆየው በግማሽና ከዛም በላይ ያንሳል፣ ከሁሉም መንገድ ለከባድ ሱስ ይሄን ያህል ማስረጃ ያለው የለም።

ከሁለቱ ለማወዳደር፣ ሜታዶን ጠንካራ ነው፣ ከባድ ሱስ ላይ ይይዛል፣ ግን የልብ ምትን ስርዓት ሊያዛባ ይችላልና ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ያስፈልጋል፣ ዶዙ ከበዛም ትንፋሽ ያቆማል። ቡፕረኖርፊን ከምላስ ስር የሚቀመጥ ነው፣ ከአንድ ደረጃ በላይ ትንፋሽን ስለማያፍን የበለጠ አስተማማኝ ነው፣ ግን ሀራራው ሳይጀምር ከተወሰደ ራሱ ከባድ ሀራራ ይቀሰቅሳል፣ አጀማመሩን ሀኪም መምራት አለበት። ሁለቱም እንደ ፓራሲታሞል ከየፋርማሲው የሚገዙ አይደሉም፣ ስለዚ አዲስ አበባ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት ደሴ ያለው ሀኪም ደውሎ መኖሩን እንዲያጣራላችሁ ጠይቁ።

ናልትሬክሶን የሚባልም አለ፣ ሪሴፕተሩን ይዘጋዋል፣ ቢወስድም አይሰማውም። መጀመሪያ ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ምንም ኦፒዮይድ ሳይወስዱ መቆየት ይፈልጋል፣ እና ካቆመው በኋላ የድሮ ዶዙን ከወሰደ አደጋው ያው ነው። በየቀኑ የሚያስውጠው ሰው ላለውና ከልቡ ለቆረጠ እንጂ ለሌላው አልመርጠውም።

ጸበል፣ ዱዓ፣ ገጠር መላክ

እኔ የማምን ሰው ነኝ፣ ወሎ ውስጥ ደሞ አባቱ ግሸን ማርያም ይዞት የሄደም፣ ሼሁ ዱዓ ያደረጉለትም ልጅ በአንድ ሰፈር አሉ። ይሄን መንገድ አልንቀውም፣ ክኒኑን ከሚያቀርብለት ሰው ይርቃል፣ ጊዜው በጸሎት ወይ በሶላት ይሞላል፣ ብቻውን አይሆንም፣ "አብሽር" የሚለው ሰው አጠገቡ አለ። መድኃኒት ብቻውን ይሄን አይሰጥም።

የሚያስፈራኝ በአንዴ ከመቁረጥ ጋር አንድ ላይ ሲሆን ነው። ሀራራ ላይ ያለ፣ የሚያስመልሰው ልጅ በባዶ ሆዱ ንጋት ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ሲጠመቅ፣ ወይ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱን ተቀምቶ ሲጾም አደጋ ነው። ከዛ አርባ ቀን ቆይቶ ፊቱ በርቶ ይመለሳል፣ እልል ይባላል፣ ጓደኞቹ ደሞ እዛው ፒያሳ እየጠበቁት ነው። ቅድም ያልኩት የተረሳ ዶዝ ነገር እዚህም አለ። ስለዚ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉት፣ መጀመሪያ ሀኪም አይቶት ዶዙ ይቀነስ፣ ከባዱ ሲያልፍ ይሂድ፣ የታዘዘለትን መድኃኒትና ኦ አር ኤስ ይዞ፣ ቄሱም ሼሁም አውቀው። ሀኪም ጋር መሄድ እምነት ማነስ እንዳልሆነ እነሱ ሲናገሩት ልጁም እናቱም ይሰማሉ።

ለማን የቱ

ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለው፣ አዲስ አበባ ደሞ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ከኮምቦልቻ ሃረጎን ወጥቶ ለመምጣት ታክሲው አይደለም የሚከብደው፣ "ሰው ቢያየኝስ" ነው፣ ይገባኛል። ግን ከዚህ በፊት አንቀጥቅጦት የሚያውቅ፣ ከመጠጥ ወይ ከእንቅልፍ ክኒን ጋር የሚወስድ፣ በመርፌ የሚወስድ፣ ራሴን አጠፋለሁ ያለ ሰው ቤት ውስጥ አይሞከርም፣ ሆስፒታል ነው።

ሹፌር ከሆንክ፣ እየቀነስክ ባለህበት ሰሞን ረጅም መንገድ አትውጣ፣ እንቅልፍ ማጣቱም ማንቀጥቀጡም መሪ ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ለባለንብረቱ ታምሜያለሁ በል፣ ውሸት አይደለም። እውነተኛ የወገብ ወይ የመገጣጠሚያ ህመም ያለበት ሰው ህመሙ በሌላ መንገድ ሳይታከም ክኒኑ ቢቀነስ ተመልሶ መግባቱ አይቀርም፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይሂዱ። እጁ ፔቲዲን ላይ የገባ የጤና ባለሙያም አለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ለናንተ ብቻህን ቀንስ አልልም፣ መድኃኒቱ በየቀኑ እጃችሁ ላይ ነው፣ ለምታምኑት ሀኪም ተናገሩና ከዛ ክፍል ተቀየሩ። እርጉዝ የሆነች እህት ደግሞ በፍጹም በአንዴ እንዳታቆም፣ ሀራራው ጽንሱንም ይጎዳል፣ ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል። እርግዝና ላይ የሚመረጠው በሀኪም ክትትል ተተኪ መድኃኒት ነው፣ ልጁ ሲወለድ ሀራራ ቢኖርበትም ይታከማል፣ አዋላጇ ግን ቀድማ ማወቅ አለባት።

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ቤተሰቡ ኦቨርዶዝን መለየት ይወቅ። ተኝቶ አልነቃ ካለ፣ የአይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ትንፋሹ ከራቀ ወይ እንደ ማንኮራፋት ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ትንፋሽ ካቆመ ትንፋሽ ስጡት፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ካልደረሰ ባጃጅም ቢሆን አታዘግዩ። ወተት አታጠጡት፣ ለማስመለስ አትሞክሩ። ሆስፒታል ናሎክሶን የሚባል የኦፒዮይድ ማርከሻ አለ፣ ግን ትራማዶልን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም፣ ማንቀጥቀጡም ሊከተል ይችላል፣ ስለዚ የወሰደውን ክኒን ፓኬት ይዛችሁ ሂዱና ስንት እንደወሰደ፣ ከምን ጋር እንደወሰደ ሳታፍሩ ለሀኪሙ ንገሩት።